ኤንና ቪ የተጻፈበት ደብተር

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ልመካበት ፈልጌ አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ደመወዝ የተከፈለኝ ለመጠራጠር ስለሆነ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሥራሽን በአንድ አፍ ተናገሪ ብባል፣ ልጆች አንድን የእንግሊዝኛ ቃል አይተው ናውን ነው ወይስ ቨርብ፣ ማለትም ስም ነው ወይስ ግስ፣ ብለው እንዲለዩ ማድረግ ነበር እላለሁ። ድርሰቱም ንባቡም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ሥራ ስልክ ተረክቦታል። ባለፈው ሰሞን ከእህቴ ልጅ ጋር ሜክሲኮ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ስልኳን አውጥታ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ፎቶ አነሳችበት። ወዲያው ቃላቱ ሁሉ ቀለም ተቀብተው መጡ፤ ናውኑ ሰማያዊ፣ ቨርቡ ቀይ። "አክስቴ፣ እናንተ ዓመት ሙሉ የምታስለቅሱን ለዚህ ነበር?" አለችኝ እየሳቀች። ተናደድኩ። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች ብፈትሸው ስህተት አጣሁበት። ያም ሆኖ አላመንኩትም። እሷ የማታውቀው ነገር ግን አለ። በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ውስጥ፣ በልጆች ስም አጠገብ ሁለት ፊደል ስለጻፍኩ አንድ ልጅ ከሰው ተራ ወጥቷል። ይህን ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት በዚያ በካፌው ቀን ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ አርሲ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ወረዳ። ዳይሬክተሩ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ ካፖርት የሚለብሱ፣ ከደወል በቀር ምንም ነገር የማያሳስባቸው ሰው ነበሩ። እዚያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ ስህተት ነበር። በሰሌዳው በአንድ ወገን የናውን ዝርዝር፣ በሌላው ወገን የቨርብ ዝርዝር እጽፋለሁ። ልጆቹ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ዎርክ ቨርብ፣ ዋተር ናውን እያሉ። ፈተናው ሲመጣ ዎርክ በናውን ቦታ፣ ዋተር በቨርብ ቦታ ተቀምጠው ይገኛሉ። ክፍሉ በሙሉ ወደቀ። እኔ የወደቁት ሰነፎች ስለሆኑ ነው ብዬ ለዳይሬክተሩ ጻፍኩ።

ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ ዝውውር አገኘሁና ልደታ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጣሁ። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ያተረፈኝ ሌላ ነው። የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊው ጋሽ መርዕድ ነበሩ።

ጋሽ መርዕድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሹራባቸው ሥር ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስሩ ሰው ናቸው። ጓድ የሚለው መጠሪያ ከመጣ በኋላም ክራቫቷን አልፈቱም። የመጀመሪያ ሳምንት ክፍላቸው ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፉ፤ ፕላንት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

"ናውን!" አለ ግማሹ ክፍል።

"ቨርብ!" አለ የቀረው።

"እኔ አላውቅም" አሉ ጋሽ መርዕድ።

ልጆቹ ተንጫጩ። እሳቸው ጠመኔውን በጣታቸው እያንከባለሉ ዝም። ስድስት ሰባት ደቂቃ ሳያልፍ አይቀርም። በመጨረሻ አንድ ልጅ ተነስቶ "ቲቸር፣ አረፍተ ነገሩን ይስጡን እንጂ!" ሲል፣ ያን ጊዜ ብድግ ብለው "ጎሽ!" አሉና ጻፉለት። በየዓመቱ በየክፍሉ የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይኸው ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ቃሉ የገባበትን አረፍተ ነገር እስኪጠይቁ ድረስ ስለ አንድ ቃል አይፈርዱም።

"አማርኛ ግሱን ልብስ አልብሶ ነው የሚልከው" ይሉኝ ነበር ሻይ ስንጠጣ። "መጣሁ፣ መጣሽ፣ መጡ ስትዪ ማን እንደመጣ ቃሉ ራሱ ይነግርሻል። የእንግሊዝኛ ቃል ግን መታወቂያ አይዝም። ጠዋት ቨርብ ሆኖ ከቤቱ ይወጣል፣ ከሰዓት ናውን ሆኖ ይገባል። ስለዚህ በር ላይ ነው የምትፈትሺው።"

በሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው "ዘ" ነው፤ ቃሉን ከኋላው አስገባና ያምርበታል? ሁለተኛው "ዊል" ነው፤ ከኋላው አስገባና ያምርበታል? በሁለቱም በር የሚገባ ከሆነ ጎረቤቶቹን ጠይቅ። ከሁሉ የሚያስቸግራቸው "ቱ" የምትባለዋ ነበረች። ከቨርብ ፊትም ትቆማለች፣ ከናውን ፊትም ትቆማለች። "እሷ በሁለት ቢላዋ የምትበላ ናት፤ ምስክርነቷን አትቀበሉ" ይሉ ነበር።

እኔም ከእሳቸው ሥር ሆኜ አንድ ነገር ደረስኩበት። የእኛ ልጆች ቨርቡን የሚፈልጉት ከአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። አማርኛ አስለምዷቸው፣ ማሰሪያውን ከዳር ይጠብቁታል። ስለዚህ "ዘ ቦይ ኪክድ ዘ ቦል" ብለህ ብትጽፍ ቨርቡ "ቦል" ነው ይሉሃል፤ በሙሉ ልብ። ይህን ለጋሽ መርዕድ ስነግራቸው ክራቫታቸውን አስተካክለው "ይህን እኔም አላየሁትም ነበር፣ አስካለ" አሉኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያኮራኝ የለም።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። ከክፍል ሳይወጡ ሰሌዳውን ራሳቸው ያጠፋሉ፤ ተማሪ አያስጠፉም፣ አንዲት ቃል አያስተርፉም። መጀመሪያ ጽዳት ስለሚወዱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳዬን ሳላጠፋ ስወጣ ይዘው መለሱኝ። "አንቺ የተውሽውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል" አሉ። ምሳሌ ሲመርጡም እንዲሁ ነበሩ። በግ፣ ዝናብ፣ ወንበር፣ ውሃ። ሰው የለበትም፣ መንግሥት የለበትም። ክፋቱ፣ በሁለቱም በር የሚገቡት የእንግሊዝኛ ቃላት አብዛኞቹ የቀበሌ፣ የጥበቃና የእስር ቃላት ናቸው። ጋርድ፣ ሰርች፣ ሪፖርት፣ አሬስት፣ ፋየር፣ ማርች፣ ስትራይክ። ለማስተማር እንደነሱ የሚመች የለም፤ እኛ ግን አንዱንም አንነካም ነበር።

ቀይ ሽብር የተባለው ጊዜ ሲገባ በጉና ዝናቡም አላዳኑንም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ሰው ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ሻይ የምታፈላልን ሴት ስኳር ስትጨምር እጇን እናያለን። እኔ በተፈጥሮዬ ስለምጠራጠር ጊዜው የተመቸኝ ይመስል ነበር፤ ሁሉን ሰው በየበሩ አስቁሜ እፈትሻለሁ። የአካባቢው ጓድ፣ የቀበሌው ኃላፊ፣ ስብሰባ ሲጠራን ማን አስቀድሞ እንዳጨበጨበ፣ ማን ዘግይቶ እንዳጨበጨበ ሁሉ አስታውስ ነበር።

ያን ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ሰባ ልጆች ነበሩ። በሁለት ወር ውስጥ እንዳየሁት፣ ግማሾቹ ያገኙትን ሁሉ ናውን የሚሉ፣ ግማሾቹ ያገኙትን ሁሉ ቨርብ የሚሉ ናቸው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁና ስማቸውን ጻፍኩ። ናውን ለሚቸግረው ኤን፣ ቨርብ ለሚቸግረው ቪ አደረግሁ። ከሁሉ የባሰባቸውን ሃያ ልጆች ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አስቀር ጀመር። መጽሐፍ ስለሚያንሰን ለአምስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ነው የሚደርሰው፤ አምስት አምስት አድርጌ ከፈልኳቸው። ለየአምስቱ ደህና የሚያነብ አንድ አንድ ልጅ መረጥኩና በስሙ ሥር አሰመርኩ።

ዛሬ በሌላ ሰው ዓይን አየዋለሁ። አምስት አምስት የሆኑ ልጆች፣ በምሥጢር ፊደል የተለዩ፣ መሪያቸው የተሰመረበት፣ ከትምህርት በኋላ በር ዘግተው የሚሰበሰቡ። በዚያን ጊዜ አምስት ሰው ማለት ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ሕቡዕ ድርጅቶቹ የሚደራጁት እንደዚያ ነበር። እኔ ስለ "ቱ" እየተጨነቅሁ ይህ ሁሉ አልታየኝም።

ጋሽ መርዕድ ደብተሩን አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አይተው ገለጡት። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

"ይህን ወረቀት ላይ ምን አመጣው? ጭንቅላትሽ ውስጥ ያዢው።"

"የሰባ ልጅ ስህተት እንዴት በጭንቅላቴ እይዛለሁ፣ ጋሽ መርዕድ?"

"እኔ እይዝ የለም እንዴ?"

"እርስዎማ እርስዎ ነዎት" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በሳምንቱ፣ አንድ ሐሙስ፣ የማስጠናቱን ሥራ ጨርሼ ደብተሩን በመሳቢያዬ ቆለፍኩና ወጣሁ። መሳቢያው የትኛውም ቁልፍ የሚከፍተው ዓይነት ነው። ዓርብ ጠዋት ስከፍተው ደብተሩ የለም።

የሐሙስ የጽዳት ተረኛ ሽመልስ ነበር። ሽመልስ ከኋላ ጥግ የሚቀመጥ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሆነው ዝምተኛ ልጅ ነው። ናውንና ቨርብ መለየት ከማይቸግራቸው ጥቂት ልጆች አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ተንጫጭተው ሲያበቁ እጁን አውጥቶ ትክክለኛውን ይናገርና ይቀመጣል። እናቱ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ይሸጣሉ። የሚያሳድገው ግን አጎቱ ነበር፤ አጎቱም ጠመንጃ የያዘ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ። ብቻውን ክፍል ውስጥ የቀረው እሱ፣ መሳቢያው አጠገብ የጠረገው እሱ፣ ወሬ የሚያደርስበት ቤት ያለውም እሱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ከረፍት በፊት ለብቻው ጠራሁት።

"ሽመልስ፣ ትናንት ስትጠርግ ሰማያዊ ደብተሬን አይተሃል?"

"አላየሁም፣ ቲቸር።"

ይህን ሲል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሲዋሽ አወቅሁ። ብዙ ልጅ ዋሽቶኝ ስለማውቅ በዚህ አልሳሳትም፤ ደግሞም አልተሳሳትኩም፣ ልጁ ዋሽቶኛል።

በቀጥታ ወደ ጋሽ መርዕድ ሄድኩ። "ደብተሬን ሽመልስ ለአጎቱ ሰጥቶታል" አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

ይህ የቆየ ልማዳቸው ነው። ተማሪ ትክክል ሲመልስም ሲሳሳትም "እርግጠኛ ነህ?" ይሉታል፤ በመልሱ የሚጸናውንና የሚወላውለውን ለማየት። እኔም ጎበዝ ተማሪ መሆኔን ላሳይ ብዬ "እርግጠኛ ነኝ" አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። "እንግዲያው ለማንም አትተንፍሺ። ለማንም፣ ሰማሽ?" አሉኝ።

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የክፍሌ በር ተከፈተ። የአካባቢው ጓድና ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ገቡ። ከሁለቱ አንዱ የሽመልስ አጎት ነበር። ልጆቹ ሁሉ ተነሱ። ጓዱ በእጁ እንዲቀመጡ አደረገና መሳቢያዬን እንድከፍት አዘዘኝ። የነበረው ጠመኔ፣ የፈተና ወረቀትና የራስ ምታት ኪኒን ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

"የስም ዝርዝር ያለበት ደብተር አለሽ ይባላል" አለኝ ጓዱ።

"ነበረኝ። ከዓርብ ጀምሮ ጠፍቶብኛል።"

"ምን ነበር ያለበት?"

"የትኛው ልጅ ናውን እንደሚሳሳት፣ የትኛው ቨርብ እንደሚሳሳት።"

"ለዚህ ነው አምስት አምስት አድርገሽ የምትሰበስቢያቸው?"

"መጽሐፍ ስላነሰን ነው፣ ጓድ። ለአምስት አንድ ነው ያለን።"

አላመነኝም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር። ፊት ካለው ዴስክ ላይ መጽሐፉን አነሳና ገለጠ። "የምትማሩት እሱ ከሆነ አሳዩኝ" ብሎ የክፍሉን አለቃ ገነትን አስነሳት። ገነት ቨርብ ከሚቸግራቸው አንዷ ናት። ገበሬዎች ዝናብ ይጠብቃሉ የሚል አረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈና "ይሄ ሬይን የሚለው ምንድን ነው?" አላት።

ገነት ጠመንጃውን እንጂ መጽሐፉን አላየችም። እኔ ልናገርላት አልችልም። ይህች ልጅ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል መለየት ቢያቅታት ሃያ ልጆች ምን እንደሚሆኑ አስባለሁ።

ሳይጠራ ከኋላ ሽመልስ ተነሳ።

"እዚህ ላይ ናውን ነው፣ ጓድ" አለ። "ጠባቂዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ጥበቃቸው ቨርቡ ነው። ሬይን የሚጠበቀው ነው። በፊቱ ዊል ቢመጣ ግን እሱ ራሱ ቨርብ ይሆን ነበር።"

"አንዱን ያዝ እንጂ! ናውን ነው ወይስ ቨርብ?"

"እንደ ቦታው ነው።"

ጓዱ ወደ እኔ ዞረ። "ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ትምህርት ምን ይሠራል?" አለኝ። መልስ አልጠበቀም። ከዛሬ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ መሰብሰብ ክልክል ነው ብሎ ወጣ። የሽመልስ አጎት ሲወጣ ልጁን አየት አደረገው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ምን ይላል? ልጁ አተረፈን ይላል። ደግሞስ ደብተሩን ወስዶ ቢሰጣቸው ኖሮ፣ ፍለጋ ለምን ይመጣሉ? ይህ ጥያቄ መጥቶልኝ ነበር። ነገር ግን ተጠራጣሪ ሰው መልስ አያጣም። ደብተሩ በእጃቸው ነው፣ የመጡት እኔን ሊፈትኑኝ ነው አልኩ። ሽመልስ የተነሳውስ? እሱማ የሚያውቃቸው ሰዎች ስለሆኑ አልፈራም። አጎቱ ያየውስ? ጎሽ እያለው ነው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ።

በማግስቱ ገነትን በረንዳ ላይ አገኘኋትና፣ ጋሽ መርዕድ አትተንፍሺ ያሉኝን ረስቼ ሳይሆን እያወቅሁ፣ "ከሽመልስ ጋር ስታወሩ አፋችሁን ሰብሰብ አድርጉ" አልኳት። ያልኩት ይኸው ነው። አንድ አረፍተ ነገር።

በሳምንት ውስጥ ክፍሉ ተለወጠ። በዚያ ክፍል ሰባ ልጅ አራት አራት እየሆነ ነው የሚጨናነቀው፤ ዴስክ የጎደለው መስኮት ላይ ይቀመጣል። ሽመልስ ግን አንድ ዴስክ ለብቻው ሆነለት። ሲገባ ወሬ ይቆማል። ደብተሩ ላይ በትልቁ "ጆሮ ጠቢ" ብለው ጻፉበት። እጁን ማውጣት ተወ። እኔም አልጠየቅሁትም። በወሩ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ በጨርቅ ታስሮ መጣ። "ምን ሆንክ?" አልኩት፣ የሆነውን እያወቅሁ። "ወድቄ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ጠቋሚ የተባለ ሰው በድንጋይ ብቻ አይቀርለትም ነበር፤ መንገድ ላይ ተገድለው ያደሩ አይተናል። ይህን እያወቅሁ ልጆቹን "ተዉት" አላልኩም። ከዚያ በኋላ ሽመልስ አልመጣም። አሥራ አምስት ቀን ጠብቄ በስም መጥሪያው ላይ ከስሙ ፊት "አቋረጠ" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ነበረው፤ ባዶውን ተውኩት።

ጊዜው ረገበ። የሃያዎቹ ልጆች ስም ከዚያ ደብተር የተነሳ በማንም አፍ አልተጠራም። ገነት ማትሪክ አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እኔ ከዓመታት በኋላ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ፤ አዲሱ አለቃዬ በየሳምንቱ የትምህርት ዕቅድ በሦስት ኮፒ የሚያጽፉ ወይዘሮ ነበሩ። ሁለቱን በሮች ለአዳዲስ አስተማሪዎች ማሳየት ጀመርኩ። ሰዉ ጎበዝ ናት ይለኝ ነበር።

ጋሽ መርዕድ ጡረታ ሲወጡ፣ ደርግ ገና በሥልጣን ላይ ሳለ፣ ለስንብት ጠሩኝ። ትምህርት ቤቱ ለስላሳና ኬክ አቅርቦ አንድ ብርድ ልብስ ሸለማቸው። ሲያበቃ "ትንሽ ሸኚኝ" አሉኝና በእግር ወደ ሜክሲኮ አቀናን። ብርድ ልብሱን እኔ ያዝኩላቸው። አደባባዩ ጋ ከመድረሳችን በፊት ቆሙ።

"አስካለ፣ ያን ደብተር የወሰድኩት እኔ ነኝ" አሉኝ።

የምን ደብተር እንደሆነ አልጠየቅሁም።

"ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ፍለጋ ይመጣል ብለው ሹክ አሉኝ። ማን እንደጠቆመ እሳቸውም አያውቁም። የተማሪ ወላጅ ይሁን፣ አስተማሪ ይሁን። መሳቢያሽን በቤቴ ቁልፍ ከፈትኩት። ወስጄ ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጨመርኩት።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺ ስትዋሺ አንገትሽ ይቀላል። ጠፋብኝ ስትዪ እውነትሽን እንድትዪ ነው የፈለግሁት።" ቀጥለውም "ደግሞ አላመንኩሽም ነበር። ያን ጊዜ ሚስቴንም አላምናት" አሉ።

"ሽመልስስ? ሽመልስ ነው ስልዎት እርግጠኛ ነሽ ብለው ዝም አሉኝ እኮ! ዴስኩ ላይ ለብቻው ሲቀመጥ አላዩም? ሲፈነከት አላዩም?"

"አይቻለሁ።"

"አይተው?"

"ሃያ ልጅና አንድ ልጅ ብዬ መዘንኩ" አሉ። "ሚዛኑ ልክ ነው ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ግን ያ ልጅ በሕልሜ ይመጣል።"

በጥፊ ልመታቸው ፈለግሁ። ከአባቴ ቀጥሎ የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ እጄ ግን ሊነሳ ነበር። ብርድ ልብሱን አስታቅፌያቸው ሳልሰናበታቸው ሄድኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። እሳቸው ዝም አሉ፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልደታ ማርያም ሄድኩ። የሽመልስ እናት በቦታቸው፣ በሩ አጠገብ፣ ጧፋቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የልጃቸው አስተማሪ ነበርኩ ስላቸው ብድግ ብለው ሳሙኝ። "ምነው የኔ ልጅ፣ ያን ትምህርት እንደዚያ ጠልቶ መቅረቱ! ምን አግኝቶት እንደሆነ ጠይቄ ጠይቄ አልነግርሽ አለኝ" አሉ። የት እንደማገኘው ብቻ ጠየቅሁ። ተክለ ሃይማኖት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ጎሚስታ ቤት እንደሚሠራ ነገሩኝ።

ሳገኘው የውስጥ ጎማ ነፍቶ ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በጣቱ ይፈልጋል። ትከሻው ሰፍቶ፣ ጢም አብቅሎ ትልቅ ሰው ሆኗል። ግንባሩ ላይ ጠባሳው አለ። ቀና ብሎ አየኝና እጁን በቱታው ጠራርጎ ቆመ።

"ቲቸር!" አለኝ። ድንጋይ ላይ ካርቶን አንጥፎ አስቀመጠኝ።

"ሽመልስ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ደብተሩን ጋሽ መርዕድ ናቸው የወሰዱት፤ እኔ ትናንት ነው የሰማሁት።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ያን ዕለት ቆሻሻ ደፍቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ መርዕድ ደብተሩን ኮታቸው ውስጥ ሲከቱት አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "ታዲያ እኔ ስጠይቅህ? ሲፈነክቱህስ? አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ ከዚያ ሁሉ ትድን ነበር እኮ!"

"ለማን ልናገር?" አለኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ነበር። "ለእርስዎ ብናገር ለገነት ይነግሯታል። ለልጆቹ ብናገር በነጋታው ጋሽ መርዕድን ጠቋሚ ይሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፣ ድንጋይ አይችሉም። ለአጎቴ ብናገር ቤታቸው ሄዶ ደብተሩን አምጡ ይላቸዋል። ያን ጊዜ ነበር ጠቋሚ የምሆነው፣ ቲቸር።"

አለቀስኩ። ሰው እያየኝ፣ የመኪና ጎማ ተከምሮ በቆመበት ደጅ አለቀስኩ። እሱ ግራ ገብቶት ለስላሳ አስገዛልኝ። ስለ ትምህርት ላነሳለት ፈልጌ የማታ ትምህርት ብትቀጥል አልኩት። "አሁንማ ሥራ ይዣለሁ" ብሎ ሳቀና ወደ ጎማው ተመለሰ። ይቅርታውን ሰጥቶኝ እንደሆነ አልነገረኝም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

ልሄድ ስነሳ ተከትሎኝ መንገድ ድረስ ወጣ።

"ጋሽ መርዕድ ደህና ናቸው?"

"ትናንት ጡረታ ወጡ።"

"ሰላም ይበሉልኝ። ግን ደብተሩን ሲወስዱ እንዳየኋቸው አይንገሯቸው፤ ይሰማቸዋል።"

ንዴቴ በርዶ ጋሽ መርዕድ ቤት የሄድኩት ከወራት በኋላ ነው። የሽመልስን ሰላምታ አደረስኩላቸው። ፊታቸው በራና "ታዲያ ስለ እኔ አላወቀም?" ብለው ጠየቁኝ። "አላወቀም" አልኳቸው፤ አንገቴ ይቅላ አይቅላ እንጃ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው ሞቱ። ስለዚያ ልጅ መዝጋት ሲገባኝ አፌን የዘጋሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።